ድምፅ ሲለሰልስ

ሊፍት ውስጥ የተዘጋበት ሰው ቀዩን ቁልፍ ሲጫን የሚመልስለት የሕንፃው ዘበኛ ይመስለዋል። እታች ወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ የባሰ ቀን ቢመጣ በእግሩ ሮጦ የሚደርስለት ሰው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሚመልስለት ሰው ቤቱ ነው ያለው። የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሌላ ከተማ፣ ከወገቡ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገቡ በታች የመኝታ ሱሪ ለብሶ፣ የሽንኩርቱን እሳት ቀነስ አድርጎ ነው «አለሁ፣ አይዞዎት፣ ብቻዎን አይደሉም» የሚለው።

ብሎን የነዚህ ሰዎች አለቃ ነበር። ብሎን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። በቴክኒሻንነቱ ዘመን ሊፍት ጠግኖ ሲጨርስ፣ ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ ዞሮ እንደገና ካላጠበቀ አይወጣም ነበርና ጓደኞቹ ለጠፉበት። ጉልበቱ ሲከዳው ከመሰላል ወርዶ ስልክ መላሽ ሆነ፤ ኋላም የስልክ መላሾቹ አለቃ። ስሙም አብሮት መጣ። ታናናሾቹ «ጋሽ ብሎን» ይሉታል። የሚኖረው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ነው። በዚያ ጉልበት ለምን ደረጃ እንደሚወጣ የጠየቀው ሰው ቢኖር «ሊፍቶችን ስለማውቃቸው» ብሎ ያልፋል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ክፍል ቢሮ ሆኗል። ሌላው ምን እንደሆነ ብሎንም አያውቅም። ድሮ መኝታ ቤት ነበር፤ አሁን የሚተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ስለሆነ፣ መኝታ ቤቱ ሚስቱ የተወቻቸው ልብሶች የሚኖሩበት ቤት ሆኗል።

ሚስቱ ልጃቸው ስትወልድ «ላርሳትና መጣሁ» ብላ ሄደች። ሕፃኗ አሁን ትሮጣለች። ትናገራለችም። በቀደም በስልክ ሲያባብላት «አያቴ በቃ ዝጋው» ብላዋለች። አራሷ ከተነሣች ቆየች፤ ልታርሳት የሄደችው ግን አልተመለሰችም። ማንም ማንንም ተጣላሁ አላለም። ማንም ማንንም ፈታሁ አላለም። ጎረቤት «ባለቤትህ የት ሄደች?» ሲለው «ልጅ ጋ ናት» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሲናገረው የመንገደኛ ወሬ ይመስል ነበር። አሁን አሁን የመኖሪያ አድራሻ መስሏል።

አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ነገሩ ይለይለት ነበር። ትመለሻለሽ ወይ? ማለት ብቻ። አልጠየቃትም። ጥያቄ ክፋቱ መልስ ያመጣል።

ነገሩ እንዲህ ሳለ ነው ከስልክ መላሾቹ ሁለቱ ተከታትለው የለቀቁት። ሁለተኛዋ ለድርጅቱ የጻፈችው መልቀቂያ አጭር ነበር፦ «ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፤ የሚያወራኝ ግን የለም።» አለቆቹ ይህን አንብበው ተጨነቁ፤ ተሰበሰቡ፤ በመጨረሻም ድርጅቶች ሲጨንቃቸው የሚያደርጉትን አደረጉ። ሥልጠና አዘጋጁ። «በርቀት የሚሠሩ ሠራተኞችን ደኅንነት ለመደገፍ የአመራር ክህሎት ማጎልበቻ ሥልጠና» ይባላል። ስሙን አንብቦ የጨረሰ ሰው ግማሹን የሠለጠነ ያህል ይደክመዋል። የሚሰጠውም፣ መቼስ ምን ይደረግ፣ በርቀት ነው።

አሠልጣኟ ወጣት ናት። ከኋላዋ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያና ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ተክል ይታያል። ራሷን ወዝወዝ ስታደርግ ግን አንድ ጆሮዋ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ስትመለስ ይመለሳል። ብሎን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ጆሮዋን ሲጠብቅ አሳለፈው።

«ሠራተኛችሁ አጠገባችሁ ቢሆን ኖሮ ትከሻው ወድቆ ሲገባ ታዩት ነበር» አለች። «አሁን የምታዩት ከስሙ ጎን ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ነው። አረንጓዴ ነጥብ ደህና ነኝ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ በርቷል ማለት ነው።»

ብሎን ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ የዋዛ አይደለችም።

«ስለዚህ ደውሉላቸው። ከሥራ ውጭ እንዴት እንደሆኑ ጠይቋቸው። ‹ደህና› ሲሏችሁ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ለስለስ ብላችሁ ድገሙት። ከዚያ ዝም በሉ። ጠብቁ። እናንተ አለቆች ጥገና ትወዳላችሁ፤ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት መፍትሔ ታቀብሉታላችሁ። አትጠግኑ። ጠብቁ።»

ብሎን እጁን አወጣ። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ እኛ ዘንድ ሰውየው ዝም ካለ ራሱን ስቷል ማለት ነው።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ሊፍት ላይ።»

አሠልጣኟ ጥቂት ዝም አለች፤ እንዳስተማረችው። የሌሎቹ አለቆች ድምፅ ተዘግቷል፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ በየመስኮታቸው ይታያል። ድምፅ የሌለው ሳቅ የሚሳቅበትን ሰው ይበልጥ ያሳቅቃል።

የቤት ሥራ ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ይደወልለት። በመጨረሻም ከሥራ ውጭ የሆነ አንድ የቅርብ ሰው ይደወልለትና ያው ጥያቄ ይጠየቅ። ብሎን የመጨረሻውን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አልሰማውም፤ የሱም ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

አሁን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሊፍት ስልክ መላሾች የትም ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። ነገሩ ደህና ሲሆን ድምፅ ተራ ነው፤ እንዲያውም ቆጣ ይላል፦ «ቴክኒሻኑ ደርሷል፣ በሩን አይንኩ፣ ወደ ኋላ ይበሉ!» ድምፅ የሚለሰልሰው ነገር ሲበላሽ ነው። ቴክኒሻኑ መንገድ ተዘግቶበት፣ ወይ የያዘው ዕቃ ሌላ ሆኖ፣ ሰውየው ገና ብዙ እንደሚቆይ ሲታወቅ ያኔ ድምፅ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። «ልጆች አሉዎት? እስኪ ስለነሱ ያውሩኝ» ይባላል። ልጆቹን ከተጠየቀ አለቀ፤ እዚያው መቆየቱ ነው።

ብሎን ይህን ሕግ ለሌሎች ያስተማረ ሰው ነው። የቤት ሥራውን ሊሠራ ስልክ ሲያነሣ ግን ትዝ አላለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ድምፅም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የደወለው ለመምህርት ነው። መምህርት ቀድሞ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ሊፍት ውስጥ የሚያለቅስ ጎልማሳ ሲገጥማት ተረት ትጀምርለታለች፤ በሩ ተከፍቶ እንኳ መጨረሻውን ሳልሰማ አልወጣም ያለ ሰው አለ ይባላል።

«አቤት ጋሽ ብሎን፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እንዲያው እንዴት ነሽ ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱስ ይመስገን። ግን…» ብሎን እንደተባለው ድምፁን ዝቅ፣ ለስለስ አደረገው። «አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ?»

ማዶ ጸጥ አለ። እሱም ጠበቀ።

«ጋሽ ብሎን፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ለሰለሰ።»

«አልለሰለሰም።»

«ለሰለሰ እንጂ! ቀጥለው ልጆቼን ሊጠይቁኝ ነው አይደል? በሞቴ ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በሰው ላይ የማደርገውን እኔው ላይ? ይንገሩኝ። ሊቀንሱን ነው?»

«ኧረ ማንም ማንንም አይቀንስም! ሁሉም ሰላም ነው።»

«እኔም እኮ ገመዱ ሲበላሽ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ነው የምላቸው» አለችና ስልኳ እየጠራ ነው ብላ ዘጋች።

ቀጥሎ ለሃምሳ አለቃ ደወለ። ሃምሳ አለቃ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ሊፍት ውስጥ የሚወራጨውን ሰው «ቁጭ በል!» ሲለው ሰውየው ብቻ ሳይሆን ሊፍቱም ቁጭ የሚል ይመስላል። ሃምሳ አለቃ ሆኖ በአራት ሰው አለቃ ሥር መዋሉ ቅር ብሎት አያውቅም፤ ቢያንስ በአፉ።

«እንዴት ነህ ወንድሜ?»

«ደህና። ትእዛዝ?»

«ትእዛዝ የለም። አንተ ራስህ እንዴት ነህ?»

ብሎን ዝም ብሎ ጠበቀ። ሃምሳ አለቃም ዝም አለ። ዝምታ ምሽግ ውስጥ የተማረው ሙያው ነው። ሁለቱም እንደ ተኳሽ ተፋጠጡ፤ ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«አለቃ፣ መስመሩ ተቋረጠ?»

«አለሁ።»

«እኔም አለሁ።»

እንደገና ዝም። ብሎን ተስፋ ቆርጦ ሊሰናበት ሲል ሃምሳ አለቃ ቀደመው።

«የግድግዳ ሰዓቴን አቆምኩት» አለ። «ቀጭ ቀጭ ማለቱ ሲያበሳጨኝ ባትሪውን አወጣሁት። አሁን ደግሞ ዝም ማለቱ ያበሳጨኛል።» ቀጥሎም፣ «ይኼ ሪፖርት ውስጥ አይግባ» አለ።

ብሎን «ባትሪውን መልሰው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አትጠግኑ መባሉ ትዝ አለውና ዘጋው። «እሺ፣ አይገባም» ብቻ አለ። ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ግን የራሱ ቤት ሰዓት ሲሄድ ሰማው፤ እስከዚያች ደቂቃ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ያ ቀን ሳያልቅ ሦስተኛዋ ራሷ ደወለችለት። ሙሽሪት ይሏታል፤ ካገባች ገና ወራት ቢሆናት ነው። ድምፅዋ የልቅሶ ቤት ድምፅ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንደ አባት ይንገሩኝ። ሶፋ ልናስገባ ነበር። እናስቀረው?»

«ሶፋው ምን አደረገሽ?»

«ግሩፑ ላይ መምህርት ነገረችን እኮ። ሃምሳ አለቃም ‹እኔንም በለሆሳስ ነው ያናገረኝ፤ ነገር አለ› አለ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሊወስዱን ነው አሉ።»

«የቱ ግሩፕ ላይ?»

ሙሽሪት ወሬውን ወደ ሶፋው መለሰች። ብሎን የማያውቀው፣ እሱ የሌለበት ግሩፕ እንዳላቸው ያኔ ገባው። ነገሩ ተገቢ ነው፤ እሱም ቴክኒሻን ሳለ አለቃ የሌለበት ማዕድ ይፈልግ ነበር። ተገቢ መሆኑ ግን አላስደሰተውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በስክሪን ሰበሰባቸው። መምህርት ከኋላዋ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሃምሳ አለቃ ግድግዳው ላይ ዝም ያለ ሰዓት ተሰቅሏል። ሙሽሪት የተቀመጠችው ወለል ላይ ነው፤ ሶፋው ገና አልተወሰነም። አራተኛው ስልክ መላሽ ተረኛ ስለነበር መስመር ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት እዚያ ማዶ አንድ ሰው ሊፍት ውስጥ ሆኖ ልጆቹን እየተጠየቀ ይሆናል።

ብሎን ጮኸባቸው። «ስሙኝ! ማንም አይባረርም! ሥልጠና ገብቼ ነው! ሠራተኞቻችሁን እንዴት ናችሁ ብላችሁ ጠይቁ አሉን፤ ጠየቅኩ! ለስለስ በሉ አሉን፤ ለሰለስኩ! ከእንግዲህ ማንም ሶፋ አያስቀር!»

ቁጣው ጆሯቸው እንደገባ የሦስቱም ትከሻ ወረደ። ሙሽሪት ዓይኗን ጠረገች።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አይቆጡንም ነበር?» አለች መምህርት። «በሰው እንዲህ አይቀለድም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ብሎን በውል አያውቅም። ሙሽሪት ባሏ ማለዳ ወጥቶ ማታ እስኪገባ ድረስ ከሰው ጋር የምታወራው የተዘጋበት ሰው ሲደውል ብቻ እንደሆነ ተናገረች። «ይቅር በሉኝና፣» አለች፣ «አንዳንዴ በሩ ቶሎ ሲከፈት ይከፋኛል። አመስግነውኝ ይሮጣሉ፤ እኔ እዚያው ነኝ።» መምህርት ምሳዋን ቆማ፣ እቃ ማጠቢያው ላይ እንደምትበላ አመነች። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መጥረግ ያሳፍራል አለች። ሃምሳ አለቃ ስለ ሰዓቱ አላነሣም፤ ግን «እኔም ቆሜ ነው የምበላው» አለ። ለሱ ይህ ንግግር ነው።

ብሎን ምንም አልጠገነም። ደስም ብሎት ነበር፤ ሥልጠናው ይሠራል ማለት ነው። ዝም ብለህ ስትጠብቅ ሰው ይናገራል ብሎ አስረዳቸው።

«እርስዎስ ጋሽ ብሎን?» አለች መምህርት። «እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ደህና።»

«ባለቤትዎ ተመለሱ?»

«ልጅ ጋ ናት።»

መምህርት ዝም አለች። ሙሽሪት ዝም አለች። ሃምሳ አለቃማ ከድሮም ዝም ነው። ሦስቱም እንዳስተማራቸው ይጠብቁታል፤ በገዛ እጁ ነው ያስታጠቃቸው። ብሎን ሦስቱን ፊት አየ፤ ከታች በትንሿ መስኮት የራሱንም ፊት አየ። የመጨረሻው ይበልጥ አስፈራው።

«ስልክ ገባብኝ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። የገባ ስልክ አልነበረም።

የቀረው የቤት ሥራ አንድ ነው። አንድ ከሥራ ውጭ የሆነ የቅርብ ሰው። ብሎን ለወንድሙ ልደውል ብሎ አሰበ፤ ለድሮ የሥራ ባልደረባው ልደውል ብሎም አሰበ። ከሰዓት በኋላ ለሚስቱ ደወለ።

እሱና ሚስቱ በየቀኑ ይደዋወላሉ። ንግግራቸው እንደ ሐዲድ የተዘረጋ ነው። በላህ? በላሁ። ጉልበትህስ? አለ። ሕፃኗስ? ትሮጣለች። በል በርታ። እሺ ቻው። አንድም ቃል ወዲያ ወዲህ ሳይል እስከዚህ ድረስ አድርሷቸዋል።

«በላህ?» አለችው።

«በላሁ። አንቺ… አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ?»

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ሐኪም ጋ ሄድክ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም። እንዴት ነሽ ነው ያልኩት።»

«ያንን ድምፅህን አታምጣብኝ» አለችው። «ስንት ዓመት በግድግዳ ማዶ ሰምቼዋለሁ። ሰው ልታባብልበት ነው። እኔ ሊፍት ውስጥ አይደለሁም።»

ብሎን ስለ ሥልጠናው ነገራት። ሠራተኞቹን እንደጠየቀ፣ ሊቀነሱ መስሏቸው እንደነበር፣ ሶፋውን ሁሉ። ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ቆይቶ ነበር።

«እና የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች በለኛ» አለች።

እንዳትስቅበት የፈለገው ነገር ይህን ጊዜ አመለጠው። በተራ ድምፁ ወጣ፤ ለማለስለስ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

«ትመለሻለሽ ወይ?»

ማዶ የሕፃናት ፊልም ሙዚቃ ይሰማል። ማንኪያ ሳህን ነካ። ብሎን በሥራው ዕድሜ ሙሉ የሰው ዝምታ ሲያይ ወሬ እየወረወረ ሲሞላ የኖረ ሰው ነው። አሁንም ምላሱ ላይ የተደረደረ ነበር፦ ችግር የለም፣ እንዲያው ነው፣ ሲመችሽ፣ ሕፃኗስ? አንዱንም አልወረወረውም። ጠበቀ። ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ።

«ይኼ ነበር ጥያቄው?» አለች በመጨረሻ።

«ይኼ ነበር።»

«እኔ ስጠብቅ የነበረው ሌላ ነው።»

«ምን?»

«‹ልምጣ ወይ› የሚለውን ነዋ።»

ብሎን አልገባውም። «የት?»

«እዚህ ነዋ! ሥራዬ ከየትም ይሠራል እያልክ ጎረቤቱን ስታሰለች አልነበር? ኮምፒውተርህን ብብትህ ሥር ሸጉጠህ መምጣት ነው። እዚህም እኮ ሶኬት አለ።»

«የአማች ቤት ሄዶ መቀመጥ…»

«አማችህማ ያኔ ጠረጴዛ ገዝቶልህ ነበር። መስኮቱ ሥር፣ ጸጥ ይላል ብሎ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለህም። ኋላ ሕፃኗ ሥዕል ጀመረችበት።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ሁለቱም ጥያቄ ትክክል ነበር። ብሎን ሁልጊዜ እሱ ጠባቂ፣ እሷ ተጠባቂ መስሎት ኖሯል። እሷም በበኩሏ እንደዚያው። ሁለቱም ቁልፉን ተጭነው፣ ሁለቱም አንድ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብለው ነበር ማለት ነው።

«አሁንስ?» አለ። «አሁን ብመጣስ?»

እንደገና ጠበቀ። የዚህኛው ጥበቃ አጭር ነበር።

«አሁንማ ለመድኩት» አለች።

ቁጣ የለበትም። ልስላሴም የለበትም። ተራ ድምፅ ነበር። ብሎን ተራ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ነገሩ ደህና ነው ማለት ነው። ለሷ።

«ቅዳሜ መጥቼ ልያችሁ?» አለ፣ ሌላ የሚለው ሲያጣ።

«ና እንጂ። ምን ይከለክልሃል፣ የልጅህ ቤት ነው።»

ቅዳሜ የብሎን ተራ ነው። ቤተሰብ ያላቸው ይረፉ ብሎ ለራሱ የመደባት ቀን ናት፤ አንድም ቅዳሜ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ለሃምሳ አለቃ ደወለ።

«ቅዳሜን ትይዝልኛለህ?»

«እይዛለሁ። ምን ገጠመህ?»

ብሎን «ጉዳይ» ሊል ነበር። «ሚስቴን ልጠይቅ ልሄድ ነው» አለ።

«አብራህ ትመጣለች?»

«አይመስለኝም።»

ሃምሳ አለቃ ለእንዲህ ያለ ነገር ትእዛዝ አልነበረውም። «ጥሩ ጫማ አድርግ» አለው።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ብሎን ደረጃውን በጉልበቱ ልክ ወርዶ ጥግ ካለው ሱቅ ገባ። ለሕፃኗ ቀለም እርሳስ አነሣ፤ ለሥዕሏ። የምትሥልበት ጠረጴዛ እንዳላት ያውቃል። ለልጁ የሚሆን ነገርም አላስቸገረውም። ለሚስቱ ሲመጣ ቆመ። ድሮ የምትወደውን ያውቃል። ድሮ የምትወደው ብስኩት እዚያው መደርደሪያው ላይ፣ በዚያው መጠቅለያ አለ። ግን አንዴ «ጥርሴን ያመኛል» ብላው ነበር፤ ከመሄዷ በፊት ይሁን ከሄደች በኋላ ጠፋው። ጥርሱ ይነቀል፣ ይዳን፣ አልጠየቃትም። ነጠላ ጫማ አየ፤ የእግሯን ቁጥር ያውቃል። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይዞ መሄድ ግን «ቤትሽ እዚያ ነው» ብሎ መፈረም መሰለውና መለሰው።

«አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችው ሻጯ።

«ስጦታ ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለሚስቴ።»

«እሷ የምትወደውን ነዋ!» አለች ሻጯ፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው።

ብሎን ከሱቁ ደጅ ወጥቶ ደወለላት። እየጨለመ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር አንጠልጥሎ ወደየቤቱ ይሄዳል።

«ነገ ምን ይዤ ልምጣ?» አላት።

«ኧረ ምንም እንዳታመጣ!» አለችው። «አንተ ብቻ ና!»

ሞቅ ያለ ድምፅ ነበር። ብሎን ይህንን ንግግር ከነቃናው ያውቀዋል። አብረው ሲኖሩ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ በስልክ የምትለው ይህንኑ ነው፤ ለእህቷ ባል፣ ለሩቅ ዘመድ፣ ለአከራያቸው ሳይቀር። ኧረ ምንም እንዳታመጣ፣ አንተ ብቻ ና። ከዚያ ስልኩን ትዘጋና አጠገቧ ወዳለው ወደ ብሎን ዞር ብላ፣ ዓይኗን ጠቅሳ፣ «እስኪ ምን ይዞ እንደሚመጣ እናያለን» ትለው ነበር።

ስልኩ ተዘጋ። ብሎን ሱቁ ደጅ ቆሞ፣ አሁን ወደ ማን ዞር ብላ ዓይኗን እንደጠቀሰች አሰበ። ከዚያ ተመልሶ ገባና ብስኩቱን አነሣው።